አባ ቆይ የተሰለፈ ቀን

የልጄ ልጅ ሰሞኑን ቤቱን አምሶታል። አዲስ ጌም ሊወጣ ነው፤ በወጣበት ቀን ካልተገዛልኝ ብሎ ነው። እናቱ፣ ማለት ልጄ፣ አትሰማውም። «ቆይ ይውጣና ሰው ይሞክረው። አዲስ ሲሆን እንከኑ ብዙ ነው፤ ደግሞ ትንሽ ብትታገሥ ዋጋውም ይወርዳል» ትለዋለች። «ጓደኞቼ ጨርሰው ሲሰለቹት እኔ ልጀምር?» ይላታል። ሲነታረኩ ሰንብተው ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። «እማማ፣ እንግዲህ አንቺ ፍረጂ።»

እኔ ምኑን ልፍረድ? የኔ ልብ እንደሆነ ገና ነገር ሳይጀመር ቀድሞ ይሸበራል። እነሱ ስለ ጌሙ ሲያወሩ እኔ የማየው የልጁን ዓይን ነው። ወንበሩን ወደ ቴሌቪዥኑ ካስጠጋ ዘልዬ እነሣለሁ። አጠገቡ እቆምና እጄን በጆሮው በኩል ዘርግቼ «ወደ ፊት እያየህ፣ ይሄ ስንት ጣት ነው?» እለዋለሁ። «ሦስት። ትናንትም ሦስት ነበር እማማ፤ እባክሽ አንዳንዴ እንኳ ቀይሪው» ይለኛል። ይሳቅብኝ፣ ግዴለም። ሐኪም አይቶታል፤ ደህና ነው ብሎኛል፤ ክፉ አይንካው። ግን ጌም ገና እንደወጣ ይገዛ ወይስ ይጠበቅ የሚለው ክርክር ለእኛ ቤት አዲስ አይደለም። እኔ ልጅ ሳለሁም ተነሥቶ ነበር፤ ያን ጊዜ ነገሩን ሁሉ ገልብጬ ነው የተረዳሁት።

አባቴ ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነበር። የሚሠራው በቤታችን የፊት ክፍል ውስጥ ነው፤ ከእኛ የሚለየው አንድ መጋረጃ ብቻ ነበር። ከመጋረጃው ወዲያ የመበየጃ ጢስ፣ አቧራ የጠገበ ሽቦ፣ ሆዳቸው ተከፍቶ የተደረደሩ ቴሌቪዥኖች። ሰፈሩ በሙሉ «አባ ቆይ» ነበር የሚለው። አዲስ ዕቃ ልግዛ ወይ ብሎ ያማከረውን ሁሉ «ቆይ» ስለሚል ነው። «የመጀመሪያውን የሚገዛ ሰው የፋብሪካው ነፃ ሠራተኛ ነው» ይል ነበር። «እንከኑን እሱ ያገኝለታል፤ ፋብሪካው ያስተካክላል፤ ሁለተኛው ሰው ተመችቶት ይጠቀማል።» ከልምዱ ነው። በሰፈሩ አዲስ ነገር ከገባ ብዙም ሳይቆይ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሞ ያገኘዋል።

እናቴ ደግሞ አዲስ ነገር ነፍሷ ነው። ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ተቀጥራ ትሸጥ ነበር፤ አዲስ ቀለም ሲመጣ ጥቅሉን ቀድማ የምትፈታው እሷ ናት። «አንተን ብሰማ ኖሮ እኮ እስካሁን ቆይ እያልኩ ሳላገባህ ቁጭ ብዬ ነበር» ትለዋለች። «ብትቆዪማ የተሻሻለው ይደርስሽ ነበር» ይላታል። እኛ ቤት ቸኳይዋ እናቴ፣ ታጋሹ አባቴ ነው፤ እኔ ይህን እንደ ስሜ ነበር የማውቀው።

አንድ ደንበኛ አስጠግኖት ሳይወስደው የቀረ የጌም ማሽን ነበረን። አባቴ አስነሥቶ ከቴሌቪዥናችን ጋር አገናኘው። የመጫወቻው ገመድ አጭር ስለነበረ ወንድሜ ሲጫወት አፍንጫው የቴሌቪዥኑን መስታወት ሊነካ ምንም አይቀረው። ወንድሜ በሦስት ዓመት ይበልጠኛል። እሱ ይጫወታል፤ እኔ «ተራዬን!» እያልኩ አለቅሳለሁ።

አንድ ቀን «አባዬ፣ ቴሌቪዥኑ ዳር ዳሩ ጨልሟል» አለ።

አባቴ የቴሌቪዥኑን ጀርባ ፈታ። ጠጋኝ እጁ ያለው ከኋላ፣ ሥዕሉ ደግሞ ከፊት ነው፤ ስለዚህ ከፊት ለፊት አንድ ሰው መስታወት ይዞ ይቆምለትና እሱ እዚያ ውስጥ እያየ ያስተካክላል። መስታወት ያዥ እኔ ነበርኩ። ክንዴ እስኪዝል ደረቴ ላይ ደግፌው እቆማለሁ። «ዳሩ ሞልቷል ሚጣ?» ይለኛል። «ሞልቷል አባዬ።» ወንድሜ መስታወቱ ስር ቁጢጥ ብሎ ወደ ቴሌቪዥኑ አንገቱን ያሰግግና «አልሞላም!» ይላል።

«ሞልቷል!»

«አልሞላም! ውሸታም!»

አባቴ አንዱን ዕቃ ይቀይራል፤ ሌላውን ይበይዳል። ሥዕሉን ወደ ጎን ከመወጠሩ የተነሣ ዜና አንባቢው ፊቱ እንደ ዱባ ሰፋ። ወንድሜ ግን ያው፣ ዳሩ የለም ይላል። እኔ የተናደድኩት ውሸታም መባሌ ነው። በዚያ ላይ ወንድሜ በዚያ ሰሞን አያያዙ ሁሉ ሌላ ሆኖብን ነበር። አጠገቡ የተቀመጠ ብርጭቆ ይደፋል፤ ባልዲ ይረግጣል፤ የበር መቃን ትከሻውን ይመታዋል። እናቴ «ዓይንህን የት ጥለኸው ነው አንተ?» ትለዋለች። እንደ ማንኛዋም እናት።

በመጨረሻ አባቴ ደከመውና ካቻቪቴውን ጆሮው ላይ ሰክቶ «እስቲ እዚያ በሩ ጋ ሂድና እየው» አለው።

ወንድሜ ወደ ኋላ ሄዶ በሩን ተደግፎ አየ። ፊቱ በራ። «አሁን ሞላ!»

«አላልኩም?» ብዬ ከነመስታወቴ ዘለልኩ።

አባቴ አላየኝም። «ና ወደ ፊት» አለው። ወንድሜ መጣ። «ጠፋ።» «ተመለስ።» «መጣ።» «ና።» «ጠፋ።» አባቴ በዕድሜው ስንት ዓይነት ብልሽት አይቷል፤ ሰው ሲርቀው የሚድን ቴሌቪዥን ግን አይቶ አያውቅም። የቴሌቪዥኑን ጀርባ ገጠመ፤ ቡሎኑን አንድ በአንድ፣ በቀስታ። እኔ እውነቴ ስለወጣ አባቴ አፍሮ ነው ብዬ በልቤ ኮራሁ።

በማግሥቱ «ራሴን እያመመኝ ነው፣ ሐኪም ቤት ደርሼ ልምጣ፤ ልጁ ይከተለኝ» ብሎ ወንድሜን እጁን ይዞ ወጣ። እኔም ልሂድ ብዬ አለቀስኩ፤ እናቴ ከለከለችኝ። ሲመለሱ ወንድሜ እየሳቀ ነበር። «አባዬን ጨለማ ክፍል አስገብተው ዓይኑን በባትሪ አዩት! ከዚያ እኔንም እንደ ጨዋታ አዩኝ» አለ። አባቴ አልሳቀም። ፊቱ እንደ ታጠበ ጨርቅ ነጥቶ መጋረጃውን አልፎ ገባ። እናቴ ተከተለችው።

እኔ ጆሮዬን መጋረጃው ላይ ለጠፍኩ። የሰማሁት ቁርጥራጩን ነው። የእናቴ ድምፅ «ሌላ ሐኪም ጋ ሂዱ» ይላል። የአባቴ ድምፅ «ሌላም ጋ ሄድን እኮ፤ መድኃኒት የለውም» ይላል። ከዚያ «ዓመት ቢቆይ ነው» የሚል ሰማሁ። ከዚያ አንድ ነገር ሰማሁ፤ መጀመሪያ ሳል መሰለኝ። አባቴ ነበር የሚያለቅሰው።

እንግዲህ ልጅ ነኝ። ራሱን ያመመው ማን ነው? አባቴ። ሐኪም ቤት የሄደው ማን ነው? አባቴ። የሚያለቅሰውስ? አባቴ ሊሞት ነው አልኩ።

እውነቱን ዛሬ ላንባቢዎቼ ቀድሜ ልንገር፤ እንደኔ በጭንቀት አትቃጠሉ። አባቴ ጤነኛ ነበር። ሐኪም ቤት የሄደው ለወንድሜ ነው፤ ልጁ እንዳይደነግጥ «የታመምኩ እኔ ነኝ» አለ። የወንድሜ ዓይን ብርሃን ከዳር ጀምሮ ወደ መሐል እየከሰመ ነበር፤ ዓመት ቢቆይ የተባለውም እሱ ነው። ከርቀት ሲያይ ቴሌቪዥኑ በቀረችው ብርሃን ውስጥ ይገባለታል፤ ሲቀርብ ዳር ዳሩ ይጠፋበታል። በሽታው በእናት በኩል ወደ ወንድ ልጅ ይወርዳል ብለውናል። እኔ ዛሬ የልጄን ልጅ ጣት የማስቆጥረው ለዚህ ነው።

ያን ጊዜ ግን ይህን ማን ነገረኝ? የማየውን ነበር የማየው። አባቴ የመጫወቻውን ገመድ ቆርጦ ሌላ ሽቦ ቀጠለበት፤ ረዘመ። ወንድሜ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ። ሲሰነብት እንደገና ቀጠለበት፤ ወንበሩ እንደገና ወደ ኋላ ሄደ። ውሎ አድሮ የወንድሜ ጀርባ ግድግዳ ነካ። እኔ፣ አባቴ ከመሞቱ በፊት ለልጁ ሁሉን ሊያስተካክልለት ነው አልኩ።

በዚህ መሐል የሰፈራችን ጌም ሱቅ ባለቤት መስኮቱ ላይ አንድ ትልቅ ሥዕል ለጠፈ። ሰውየውን «ሠላሳ ሁለት» ነበር የሚሉት፤ ሲስቅ ጥርሱ አንድ ሳይቀር ስለሚቆጠር። ሥዕሉ ላይ አንድ ልጅ በታንኳ ወንዝ ይወርዳል፤ ግራና ቀኙ ጫካ፣ ውኃው ሰማያዊ፣ ወፎቹ ቀይ። አዲሱ የጌም ካሴት ቅዳሜ ይገባል ይላል። ወንድሜ ከሥዕሉ ራቅ ብሎ ቆሞ አንገቱን እንደ ዶሮ ወዲያና ወዲህ እያዞረ በየተራ አየው። ታንኳውን አየ፤ ወፉን አየ፤ ጫካውን አየ።

ማታ በራት ላይ አባቴ «ቅዳሜ በጠዋት ተነሥተን እንሰለፋለን» አለ።

ማንኪያዬ ከእጄ ወደቀ። አባ ቆይ! ገና ሰው ያልሞከረውን!

«ቆይ እንጂ» አለች እናቴ። እሷ! «ምን አጣደፈህ? አዲስ ዕቃ እንከን አያጣም የምትል አንተ አይደለህም እንዴ? ትንሽ ይቆይና ተስተካክሎ፣ ዋጋውም ወርዶ ይገዛለታል።»

«ቅዳሜ ነው የምንገዛው።»

«እኔ ግን ቆይ እላለሁ!» ብላ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታች። ከዚያ ተነሥታ ወጣች። አባቴ አቀርቅሮ ዳቦውን ይቆራርስ ጀመር፤ አልበላውም።

እናቴና አባቴ አፍ ተለዋወጡ፤ «ቆይ» ያለችው እሷ፣ የቸኮለው እሱ። ይህ ከምንም በላይ አስፈራኝ። እናቴ ካረጀች በኋላ ነው ነገሩን የነገረችኝ። «ገና በወጣበት ቀን ከገዛንለት ሐኪሙን አመንን ማለት ነው» አለችኝ። «ዋጋው እስኪወርድ ከጠበቅን ግን፣ ዋጋው ሲወርድም ልጄ ያያል ማለት ነው። እኔ የጠበቅሁት ዋጋውን መሰለሽ?»

እስከ ቅዳሜ ድረስ አባቴን እንደ ጥላው ተከተልኩት። ሲያስነጥስ ሮጬ ፊቱን አያለሁ። ከሰዓት ጋደም ሲል አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሆዱ ከፍ ዝቅ ማለቱን እጠብቃለሁ። ጣራ ላይ ወጥቶ የሰው አንቴና ሊያስተካክል ሲነሣ መሰላሉን ከጓሮ ልብስ ማስጫው ስር አንሶላ ደርቤ ደበቅኩበት። «መሰላሉ እግር አወጣ እንዴ?» እያለ ቤቱን ዞረው። እኔ ወደ ጣራው አያለሁ። ተስፋ ቆርጦ ሲቀመጥ እፎይ አልኩ። ዛሬስ አልወደቀም አልኩ።

ቅዳሜ ሦስታችንም ሄድን። እናቴ አልመጣችም፤ በራፉ ላይ እንኳ ወጥታ አላየችንም። የሱቁ በር ገና አልተከፈተም፤ ሰልፉ ግን ማዕዘኑን ዞሯል። አባቴን ሲያዩት ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ።

«ኧረ ጉድ! አባ ቆይ ተሰለፈ!»

«ምነው አባ ቆይ፣ የፋብሪካው ሠራተኛ ሆነህ ተቀጠርክ?»

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ስትለን አልነበር?»

«ለቃሚ እንዳታጡ ብዬ ነው» አላቸው አባቴ። ሳቁ። እሱም ፈገግ አለ፤ የወንድሜን እጅ ግን አልለቀቀም።

ከፊታችን የቆመችው ልብስ ሰፊያችን ነበረች፤ ለልጇ ልትገዛ። ወገቧን ይዛ ዞረች። «እኔን አዲሱን ስፌት መኪና ልግዛ ስልህ ቆይ ብለህ ይኸው ዛሬም በአሮጌው እየረገጥኩ ነው። ለልጅህ ሲሆን ጊዜ ቆይ የለም?»

አባቴ ወንድሜን ወደ ራሱ ሳብ አደረገው። «አንቺ ጊዜ አለሽ እቴ» አላት።

እንደ ዋዛ ነው የተናገረው። እኔ ግን በልቤ ያዝኩት። እሷ ጊዜ ካላት እሱ የለውማ። ሱሪውን ጨምድጄ ያዝኩ። «ምን ሆንሽ ሚጣ?» አለኝ። «በረደኝ» አልኩ። ፀሐዩ ገና በጠዋቱ አናት ይበሳል።

ይህን ለልጄ ልጅ ስነግረው ሰማኝና «እና እኔ ልጠብቅ ነው የምትይው?» አለኝ። «አዎ፣ ጠብቅ» አልኩት። «አንተን ቆይ ለማለት እናትህ ምንም አትፈራም፤ እኔ በዚያ ዕድሜዬ ያየሁት ቆይ ማለት ያልቻለ አባት ነው።» ከንፈሩን ጣለ እንጂ አልተከራከረኝም። ጣቴን ግን ሳልጠይቀው «ሦስት» አለ፣ አሾፈብኝ።

ያን ቅዳሜ ካሴቱን ገዝተን ቤት ገባን። ወንድሜ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ። ታንኳዋ ብቅ አለች፤ ውኃው ሰማያዊ፣ ወፉ ቀይ፣ ልክ እንደ ሥዕሉ። ወንድሜ ትንፋሹን ውጦ ነው የሚያየው። ታንኳዋ ድልድዩ ስር እንደደረሰች ቀጥ። ሥዕሉ ደረቀ። አጥፍተን አበራነው። ድልድዩ ጋ ቀጥ።

እናቴ ከጓዳ ሆና «አላልኩም?» አለች። ድምፅዋ ግን የደስታ አልነበረም፤ ሊሰበር የደረሰ ነበር።

የሁሉም እንደዚሁ ነው። ከሰዓት በኋላ በ«ሠላሳ ሁለት» ሱቅ በር ላይ ጩኸት ሆነ። «ወገኖቼ፣ የሚቀጥለው ሲመጣ ተስተካክሎ ነው የሚመጣው፤ እየመለሳችሁ ትንሽ ወራት ታገሡኝ» አለ፤ ያን ቀን ጥርሱ አልታየም። ሰው ሁሉ እያጉረመረመ ካሴቱን መለሰ። ልብስ ሰፊዋ በእኛ በኩል ስታልፍ «አባ ቆይ፣ እንኳን ደስ ያለህ!» ብላ አፌዘች። አባቴ «ወራት» አለ ለራሱ። ከዚያ የእኛን ካሴት ሳይመልስ ጠረጴዛው ላይ ፈልቅቆ ከፈተው።

አጎንብሶ ብዙ ቆየ። እኔ ጢሱ ውስጥ አጠገቡ ቆሜ ትንፋሹን እሰማለሁ። በመጨረሻ ቀና አለ። «ሲሞቅ ይላላል» አለ። «ውስጡ ያለው ሰሌዳ ቀጭን ነው፤ ሲሞቅ ከማሽኑ ጥርስ ይለቃል። ሌላ ነገር የለውም።»

«ታዲያ በምን ይጠገናል?» አልኩት።

«ለጊዜው በአውራ ጣት» አለ።

እንዳለውም ሆነ። ወንድሜ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ፤ አባቴ ቴሌቪዥኑ ስር ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ካሴቱን በአውራ ጣቱ ወደ ታች ተጫነው። ታንኳዋ ድልድዩ ስር ገባች። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ድልድዩ አልፏል። ወንድሜ ጮኸ፤ አባቴ «አትጩህ፣ ጣቴ ይንቀሳቀሳል!» ብሎ ራሱ ከእሱ ብሶ ጮኸ።

ከድልድዩ ወዲያ ወንዙ ሰፊ ነው። ከግራ በኩል ግንድ ተንሳፎ መጥቶ ታንኳዋን መታት። ወንድሜ እንደገና ጀመረ። ያው ግንድ መጣ፤ መታት። እኔ ግንዱን ከመነሻው አየዋለሁ፤ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፤ ሕፃን እንኳ ይሸሸዋል። ወንድሜ ግን እስኪመታው ድረስ ቀጥ ብሎ ይቀዝፋል። «ከየት ነው የሚመጣው?» ይላል። ድምፁ እየቀጠነ ሄደ። «አባዬ፣ ይሄም እንከን ነው? ከየት ነው የሚመጣው?»

አባቴ ጣቱን ካሴቱ ላይ እንደተከለ ወደ ወለሉ አየ። 

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ መቼ እንደመጣች አላየኋትም። ያጠበችው ልብስ ክንዷ ላይ ተንጠልጥሎ ውኃው ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። ግንዱ እንደገና ከዳር ብቅ አለ።

«በግራህ!» አለች።

ወንድሜ ወደ ቀኝ ቀዘፈ። ግንዱ አጠገቡ አለፈ።

እናቴ ልብሱን መሬት ላይ ጣለችው። መጥታ ከወንድሜ በግራ በኩል፣ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ትከሻዋን ከትከሻው አስጠግታ ተቀመጠች። «ቀጥል የኔ ጌታ» አለችው። «ግራውን እኔ አይልሃለሁ።»

አባቴን አየሁት። የተጎነበሰ ጀርባው ሰፊ ነው፤ ክንዱ አይንቀጠቀጥም፤ ትንፋሹ ደህና ነው። ከዚያ ወንድሜን አየሁ። ዓይኑ ወደ ቴሌቪዥኑ እንደ ፈጠጠ፣ አንገቱ እንደዚያ እንደ ዶሮ ወዲያና ወዲህ እየዞረ። ማንም ምንም አልነገረኝም። ሆዴ ውስጥ ስንት ቀን የተሸከምኩት ፍርሃት ከአባቴ ላይ ተነሥቶ፣ ሳይቀል፣ ወንድሜ ላይ ሲቀመጥ ተሰማኝ።

«በግራህ፣ ሌላ ግንድ!» አለች እናቴ። አመለጠ። ወዲያው ከወዲያኛው ዳር አንድ አዞ ብቅ አለ። እሷ አላየችውም፤ የእሷ ዓይን ግራ ላይ ነው።

ተራዬን ብዬ አላለቀስኩም። ሮጬ ከወንድሜ በቀኝ በኩል ተቀመጥኩና «በቀኝህ!» አልኩ።